ስለ ዲጂታል ክፍያ ግራ የገባችሁን ጠይቁኝ፣ ድሬዎች

ሰላም ድሬዎች። ከዚራ አካባቢ የቴሌብር ኤጀንት ሆኜ ነው የምሠራው፣ ቀን ሙሉ የምሰማው ጭቅጭቅ ብዙው የሚመጣው ሰው አንድን ቃል ለተለያየ ነገር ስለሚጠቀምበት ነው። ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቴሌብርም ዲጂታል ከረንሲ ነው አይደል?

ኧረ አይደለም። ቴሌብር ላይ ያለው ያው ብራችን ነው፣ ኤጀንት ጋ ሄደህ ካሽ ታወጣዋለህ። ቢትኮይን (ክሪፕቶ ከሚባሉት የኢንተርኔት ገንዘቦች አንዱ) ግን ራሱን የቻለ ሌላ ነገር ነው፣ ዋጋው ሲወጣ ሲወርድ ይውላል፣ ብሔራዊ ባንክም በክሪፕቶ መገበያየት እንዳልተፈቀደ በ2014 ዓ.ም አስጠንቅቋል። ሁለቱንም "ዲጂታል ገንዘብ" ስንላቸው ሰው ቴሌብርንም መፍራት ይጀምራል፣ ወይ ደግሞ ክሪፕቶውን እንደ ቴሌብር ያምነዋል፣ ይሄኛው ይብሳል። ስለዚህ ያንን ክሪፕቶ፣ ይሄን ሞባይል ገንዘብ በሉት።

ጥያቄ፦ ታይዋን ገበያ ሱቅ አለኝ፣ "በዲጂታል እንቀበላለን" ብዬ ልለጥፍ?

አቦ በስሙ ጻፊው እንጂ! ቴሌብር፣ ሲቢኢ ብር፣ ኤምፔሳ፣ ያለሽን። ከስሩ ቁጥሩንና ሲከፍሉ የሚወጣላቸውን ስም ጨምሪ፣ ደንበኛው ሳይልክ በፊት ያመሳክር።

ጥያቄ፦ ደንበኛ "ልኬያለሁ" ብሎ ስክሪንሾት ያሳየኛል፣ ብሩ ግን የለም። ምን ልበለው?

"አልገባም" በለው፣ በቃ። "ተልኳል" የሱ ወገን ነው፣ "ገብቷል" ያንተ፣ ስክሪንሾት ደግሞ ስልክ ላይ በደቂቃ ይቀየራል፣ ቴክስቱም ቢሆን ከማን ቁጥር እንደመጣ ካላየህ አትመነው። የራስህን አፕ ከፍተህ የገቢ ዝርዝሩ ውስጥ ብሩን፣ የላኪውን ስምና የትራንዛክሽን ቁጥሩን ስታይ ብቻ ነው ገባ የሚባለው፣ ሱቅ የምታስጠብቀውን ልጅ ይሄን አንድ ነገር አስተምረው፣ ሰው እየተገፋፋ "ቶሎ በል ቸኩያለሁ" ሲለው እንኳን። ከባንክ ወደ ቴሌብር ሲላክ አንዳንዴ ይዘገያል፣ ያኔ ቁጥሩን መዝግበህ ዕቃውን አስቀምጥለት፣ አትሳደቡ። ቢትኮይንም ላይ እንዲሁ ነው፣ የተላከው ወዲያው ቢታይም ብሎክ ውስጥ (የጋራ መዝገቡ ላይ በየተራ የሚጨመር የክፍያዎች ገጽ በለው) ካልገባ አልተረጋገጠም፣ ብሎክ ደግሞ በአማካይ በ10 ደቂቃ ነው የሚወጣው።

ጥያቄ፦ ውጭ ያለው ወንድሜ ዩኤስዲቲ ልላክልሽ፣ ኔትወርክሽ ምንድነው አለኝ፣ ሳፋሪኮም አልኩት፣ ሳቀ።

እህቴ ብዙ ሰው እንዳንቺው ነው የሚመልሰው፣ እኛ ጋ ኔትወርክ ሲባል ሲም ነዋ። ዩኤስዲቲ ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ክሪፕቶ ነው፣ እሱ የሚጠይቅሽ ገንዘቡ የሚሄድበትን መስመር ነው፣ ትሮን ወይስ ኢትሪየም። የትሮን አድራሻ በቲ (T) ይጀምራል፣ የኢትሪየሙ በዜሮ ኤክስ (0x)። በማይሆን መስመር ከተላከ ሊጠፋ ይችላል፣ መላሽም የለውም። ከላይ ያልኩት የብሔራዊ ባንክ ነገር ደግሞ እዚህም አለ፣ ለቤተሰብ ከሆነ በባንክ ይላክልሽ ነው የምለው።

ጥያቄ፦ ሲድ ፍሬዝ ማለት ፓስወርድ ነው?

ፓስወርድ አትበሉት! የቴሌብር ፒን ቢጠፋህ መታወቂያ ይዘህ ሄደህ ይስተካከላል። ሲድ ፍሬዝ ግን የክሪፕቶ ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ስትከፍት የሚሰጡህ 12 ወይ 24 ቃላት ናቸው፣ እነሱ ገንዘቡ ራሱ ናቸው፣ ያገኛቸው ይወስደዋል፣ ሄደህ የምታመለክትበት ቢሮም የለም። "ልርዳህ ላክልኝ" የሚልህ ሁሉ ሌባ ነው።

ጥያቄ፦ ሳቶሺ?

የቢትኮይን ሳንቲም በለው፣ 100 ሚሊዮኑ አንድ ቢትኮይን ይሆናል።

ጥያቄ፦ እናቴ ቀፊራ ትሸጣለች፣ ትራንዛክሽን ቁጥር ስላት አልገባትም።

"የደረሰኝ ቁጥር" በላት፣ ደረሰኝ ድሮም ታውቃለች።