ከማስተካከልህ በፊት ደርድር

ወንድሜ፣ «ላፕቶፔም ሃርድዲስኬም በፎቶ ታጭቋል፣ ለሶፍትዌር የምከፍለው የለኝም፣ በነጻ ምን ልጠቀም?» ብለሃል። እኔ ሐዋሳ ውስጥ ሠርግና ልደት ነው የማነሳው። ያንተው ችግር ነበረብኝ። አሁን ለመደርደር ዲጂካም፣ ለማስተካከል ዳርክቴብል እጠቀማለሁ። ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ዊንዶውስ ላይም ይሠራሉ። አንዴ ከጫንካቸው ያለ ኢንተርኔት ትሠራባቸዋለህ፤ ዲጂካም ሰውን በፊቱ እንዲለይልህ ከፈለግክ ግን ተጨማሪ ፋይል ስለሚያወርድ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆነህ ጨርሰው።

ፎልደር ስትሰይም በአንድ አቆጣጠር ጽና። ካሜራው ፋይሉ ውስጥ የሚጽፈው በፈረንጅ ነው። እኔ «ጥር 2014 ሠርግ» ብዬ ያስቀመጥኩትን ዲጂካም 2022 ላይ ያወጣዋል፣ እኔ ደግሞ 2014 ላይ ስፈልግ እውላለሁ። አሁን ፎልደሩን 2022-01-22 ብዬ፣ የሐበሻውን ቀንና የሙሽሮቹን ስም በታግ፣ ማለትም ዲጂካም ውስጥ ፎቶው ላይ በሚለጠፍ መፈለጊያ ቃል፣ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን ፎልደሩን እዚያው ዊንዶውስ ላይ ስሙን ቀየርኩት። ዳርክቴብልን ስከፍት በፎቶዎቹ ቦታ የራስ ቅል ምስል ተደርድሮ ጠበቀኝ። ክው አልኩ። የሦስት ሌሊት ሥራ ነበር። ግን አልጠፋም። ዳርክቴብል ዋናውን ፎቶ አይነካም፣ የሠራኸውን ለውጥ ከፎቶው ጎን ኤክስኤምፒ የምትባል ትንሽ ፋይል ላይ ይጽፈዋል፤ አዲሱን ፎልደር እንደገና ሳስገባው ያቺን አንብቦ ሁሉንም መለሰልኝ። ፎቶ ስታዛውር እሷንም አስከትላት። «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብለህ እንዳትሰርዛት አደራ።

ማስተካከሉ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። ሙሽሮቹን ሐይቁን ከኋላቸው አድርገህ ስታነሳ ውሃው ያበራል፣ ፊታቸው ይጨልማል። ሙሉውን ፎቶ አታብራ። ዳርክቴብል ውስጥ ኤክስፖዠር የሚባለው የብርሃን ማስተካከያ ላይ ማስክ (ለውጡን አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚወስን) ከፍተህ ፊቱ ላይ ሞላላ ክብ አድርግ፣ ጠርዙን በደንብ አለስልስ፣ ኤክስፖዠሩን ከ0.5 እስከ 1 ከፍ አድርገው። ከዚያ ካለፍክ መልኩ አመድ ይሆናል። ሰውን ማንጣት ማሳመር የሚመስላቸው አሉ፣ እኔ በፍጹም አልስማማም፤ እናቱ አይታ «ልጄ ነው» ማለት አለባት። ውሃው ሙሉ በሙሉ ነጭ ከሆነ ግን ምንም አይመልሰውም፣ መጀመሪያውኑ በሮው (ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት)፣ ትንሽ ጨለም አድርገህ አንሳ።

ድግግሞሽ ፎቶዎችን ዲጂካም ራሱ ይፈልግልሃል። መጀመሪያ የሁሉንም ፎቶ አሻራ፣ ማለትም ፎቶዎቹን የሚያነጻጽርበትን መለያ፣ ስለሚሰበስብ ጊዜ ይወስዳል፣ እኔ ማታ ከፍቼው ነው የምተኛው። ያገኘውን ከመሰረዝህ በፊት ሌላ ሃርድዲስክ ላይ ቅጂ ይኑርህ።

ላፕቶፕህ ራሙ ስንት ነው? 4 ጊጋ ከሆነ ዳርክቴብል ይንቀራፈፍብሃል፣ ለጊዜው በዲጂካም ብቻ ጀምር፤ ብርሃንና ቀለም ማስተካከያ እሱም ውስጥ አለ።