የድሬዳዋ ዛፍ ጅማ ላይ አላብብ አለኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ሄርማታ ነው የምኖረው። ከአራት ዓመት በፊት ያ ቀይ አበባ ያለው የድሬዳዋ ዛፍ ችግኝ ከዚያው መጥቶልኝ ግቢዬ ውስጥ ተክያለሁ። አሁን ቁመቱ ቤቱን አልፏል፣ አበባ ግን ምንም የለም። ጎረቤቶቼ «ቆላ ካልሆነ አያብብም፣ ቁረጪው» ይሉኛል። ከሌላ ዛፍ ያገኘሁትን ዘሩንም ብዘራው አልበቅል አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትቆርጪው! አራት ዓመት ለዚህ ዛፍ ገና ልጅነት ነው። ከዘር የበቀለ የድሬዳዋ ዛፍ ለማበብ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይወስድበታል። ጎረቤቶችሽ ያሉትም ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ የዛፉ ትውልድ አገር ማዳጋስካር ነው፣ እዚያ ደረቅ ደን ውስጥ ስለሚበቅል ሙቀት፣ ሙሉ ፀሐይና ረዘም ያለ ደረቅ ወቅት ይወዳል፣ ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ያለች፣ ዝናብ የማይጠፋባት ከተማ ናት። ይዘገያል እንጂ ተስፋ አይቆረጥበትም።

ዋናው ነገር ፀሐይ ነው። አቮካዶ ወይም ሌላ ዛፍ ከጋረደው ያንን ከርክሚው፣ እሱን ግን አትንኪው። ጫፉን በየጊዜው የምትቆርጪው ከሆነ ጉልበቱን ሁሉ ቅርንጫፍና ቅጠል ላይ ያውለዋል። ፍግ አታብዢበት። ከኅዳር እስከ የካቲት ውሃ አታጠጪው፣ ቅጠሉን ቢያራግፍም አትደንግጪ፣ ጠባዩ ነው። ሲያብብ ጠጋ ብለሽ እዪው፤ አራቱ የአበባ ቅጠሎች ቀይ ናቸው፣ ቀና ብሎ የቆመው አምስተኛው ግን ነጭና ቢጫ ዝንጉርጉር አለበት።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከቤቱ ምን ያህል ይርቃል? ሥሩ ወደ ታች ብዙ አይሄድም፣ ወደ ጎን ነው የሚንሰራፋው፣ ግንብና የውሃ ቧንቧ ያነሳል። ቢያንስ 8 ሜትር ካልራቀ አሁኑኑ አስቢበት።

ዘሩ ያልበቀለልሽ ሽፋኑ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ነው። ውሃ አፍልተሽ ከእሳት አውርጂ፣ ዘሩን ጨምሪበትና እዚያው 24 ሰዓት ይቆይ። ያበጠውን ዝሪ። ያላበጠውን ጎኑን በሞረድ ወይም በጥፍር መቁረጫ ትንሽ ፋቅ አድርገሽ እንደገና ዘፍዝፊው፣ ውስጡን ግን እንዳትነኪ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። ችግኙን ሰኔ ላይ ትከይው።

ጥያቄ፦ ይሄው ዛፍ ለቡና ጥላ ይሆናል? (ከጅማ ዙሪያ)

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ። ቡናህ ጥላ በጣም የሚፈልገው በበጋ ነው፣ ይሄ ዛፍ ደግሞ ቅጠሉን የሚያራግፈው ያኔ ነው። ላይ ላዩን የሚሄደው ሥሩም ቡናውን ይሻማዋል። ቅርንጫፉ በነፋስ ቶሎ ይሰበራል፣ ቡናው ላይ ከወደቀ ሌላ ጣጣ ነው። ዋንዛና ሰሳ እያሉልህ ምን አስቸገረህ? አበባ ካማረህ የዋንዛ ነጭ አበባም ያምራል፣ ንቦችም ይወዱታል። የድሬዳዋውን ዛፍ ከማሳው ራቅ አድርገህ መንገድ ዳር ትከለው።