ለክረምቱ የእንግሊዝኛ ካምፕ አፍ የሚያስከፍት ጨዋታ ምረጪ

ሰላም እህቴ። ለክረምቱ የእንግሊዝኛ ካምፕ፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት ለሆናቸው 40 ልጆች፣ የድሮ የብሪታኒያና የአየርላንድ የልጆች ጨዋታ ጠቁሙኝ ብለሽ ነበር። የመጣልሽ መልስ አብዛኛው የስም ዝርዝር ነው። ይሄ ያናድደኛል፤ ከተዘረዘሩት ግማሾቹ ልጁን ያስሮጡታል እንጂ አያናግሩትም። «ግራንድማዘርስ ፉትስቴፕስ» ግሩም ጨዋታ ነው፤ ግን ሕጉ ራሱ ኮቴ ሳያሰሙ ከኋላ መጠጋት ስለሆነ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አይወጣበትም። «ብሪቲሽ ቡልዶግ» መጋፋትና መጣል ስላለበት እዚያው አገሩ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከልክለውታል። «ሬድ ሮቨር» ላይ እጅ ለእጅ የተያያዙት ልጆች እየሮጠ የሚመጣባቸውን ስለሚያግዱ ክንድና አንጓ ይጎዳል። «ኮንከርስ» የሚጫወቱበት ፍሬ የሚረግፈው ደግሞ ክረምት ካለፈ በኋላ፣ በእነሱ መጸው ነው። አራቱንም ሰርዢያቸው።

1. ልጁ ካልተናገረ የማይንቀሳቀስ ጨዋታ አስቀድሚ። በዚህ «ዋትስ ዘ ታይም፣ ሚስተር ዉልፍ?» የሚባለውን የሚያክል የለም። በአንድ ቡድን 10 ልጅ ይበቃል። ተኩላው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል፤ ሌሎቹ 15 ሜትር ያህል ርቀው መስመር ላይ ይሰለፋሉ። በአንድ ድምፅ ይጠይቁታል። ተኩላው ዞር ብሎ «ፎር ኦክሎክ» ካለ አራት እርምጃ ይራመዳሉ፤ እያንዳንዱን እርምጃ በእንግሊዝኛ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። ሲቀርቡት «ዲነር ታይም!» ብሎ ያባርራቸዋል፤ መስመሩ ጋ ሳይደርስ የተያዘው ቀጣዩ ተኩላ ነው።

የሚበላሸው እዚህ ነው። ረጅም እግር ያለው ልጅ በሁለት ጥያቄ ተኩላው አጠገብ ይደርሳል፤ ስለዚህ እርምጃው ከሁለት ጫማ ርዝመት አይብለጥ። ተኩላው ለማባረር ይቸኩላል፤ ከአራት ጥያቄ በፊት «ዲነር ታይም» የለም በይ። ዓይን አፋሮቹ ደግሞ በሕብረቱ ድምፅ ውስጥ ተደብቀው ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ፤ ቡድኑን ለሁለት ከፍለሽ አምስት አምስት ሆነው በየተራ ይጠይቁ።

የእኛ ልጆች ብቻ የሚገጥማቸው ሌላ ችግር አለ። «ትሪ ኦክሎክ» ሲባሉ የሚመጣላቸው የጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ እሱ በእንግሊዞቹ አቆጣጠር 9 ነው። ለእርምጃው ለውጥ የለውም። ከጨዋታው በኋላ ሰዓት ማንበብ ስታስተምሪ ግን ሁሉም ይደበላለቃል። ትልቅ የካርቶን ሰዓት ሥሪ፤ አጭሩ ቆጣሪ የሚያመለክተውን ቁጥር ብቻ ያንብቡ። ስድስት ደምሩ፣ ስድስት ቀንሱ ማለት በመጀመሪያው ሳምንት አያስፈልግም።

ጥያቄውን ስታስጠኚ ከመጨረሻው ጀምሪ፦ «ሚስተር ዉልፍ»፣ ቀጥሎ «ዘ ታይም፣ ሚስተር ዉልፍ»፣ ቀጥሎ ሙሉው። ከፊት ከተጀመረ ልጆቹ መነሻውን ይጮኹና መጨረሻውን ይውጡታል።

2. ሕጉን የሚያውቁትን ጨዋታ በእንግሊዝኛ አጫውቺ። «መሀረቤን ያያችሁ» እያሉ ያደጉ ልጆች የእንግሊዞቹን የደብዳቤ ጨዋታ ለመጀመር ማብራሪያ አይፈልጉም። ክቡ ያው ክብ፣ ከጀርባ የሚጣለውም ያው መሀረብ ነው። የሚዘፈነው «አይ ሴንት ኤ ሌተር ቱ ማይ ላቭ፣ ኤንድ ኦን ዘ ዌይ አይ ድሮፕድ ኢት» ነው። ሁለት የኃላፊ ጊዜ ግሶች ሳይሰለቹ ደጋግመው ይወጣሉ። እንደ «አላየንም» ያለ መልስ ስለሌለው አንድ ጨምሪበት፦ የሚዞረው «ዲድ ዩ ሲ ኢት?» ይበል፣ ክቡ «ኖ፣ ዊ ዲድንት!» ይመልስ። ከ12 በላይ ልጅ በአንድ ክብ አታስቀምጪ፤ ተራ እስኪደርስ ይሰለቻሉ። ሰኞ ማክሰኞም እንዲሁ ነው፤ እነሱ ሆፕስኮች ይሉታል፤ ደብሊን ላይ ልጆች የጫማ ቀለም ቆርቆሮ በእግራቸው እየገፉ ይጫወቱት ነበር። በቁጥር ፋንታ የሳምንቱን ቀናት በእንግሊዝኛ እየጠሩ ይዝለሉ፤ ቀኑን ሳይጠራ ያለፈ ወይም የሳተ ተራውን ያስረክባል።

3. «ወጥተሃል» የሚባልበትን ጨዋታ እንዳለ አትውሰጂው። ካምፕ የሚያበላሸው ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ በደንብ ላስረዳሽ። «ሳይመን ሴዝ» (አዛዡ «ሳይመን ሴዝ» ብሎ ያዘዘው ብቻ የሚሠራበት ጨዋታ) ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ትእዛዙ ያልገባው ልጅ ነው። እንግሊዝኛውን ከሁሉም በላይ የሚፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ ዳር ተቀምጦ ሌሎቹን ያያል። በሦስተኛው ቀን ጨዋታ ሲጠራ ሽንት ቤት መሄድ ይጀምራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለት ቡድን ጎን ለጎን ይጫወት፤ የተሳሳተ ወደ ሌላኛው ቡድን ይሻገራል፤ ማንም አይቀመጥም። አስቀድመሽ ከ8 እስከ 10 ግሶች በእንቅስቃሴ አስጠኚ። በመጀመሪያው ዙር አዛዡ ያለውን ራሱም ይሥራ፤ በሁለተኛው እያሳሳተ ሌላ ይሥራ። ከዚያ አዛዥነቱን ለልጆቹ ልቀቂ፤ መምህሩ ብቻ ሲያዝ ልጆቹ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም።

«ኦሬንጅስ ኤንድ ሌመንስ» ከዚህ ነፃ ነው። ሁለት ልጆች እጃቸውን አያይዘው ቅስት ይሠራሉ፤ አንዱ ብርቱካን ሌላው ሎሚ መሆናቸውን በምስጢር ይስማማሉ። ሌሎቹ እየዘፈኑ በሥሩ ያልፋሉ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ቅስቱ የያዘው ልጅ በሹክሹክታ ይመርጥና ከመረጠው ጀርባ ይሰለፋል። ዘፈኑ የለንደንን አብያተ ክርስቲያናት ደወል ተራ በተራ ስለሚጠራ ረጅም ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞችና መዝጊያውን ብቻ ውሰጂ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ሰልፎች የሚያደርጉትን ጉተታ በዝናብ በራሰ ሣር ላይ አታድርጊ፤ የማን ሰልፍ እንደረዘመ በእንግሊዝኛ ይቆጠር።

«ዘ ፋርመርስ ኢን ሂዝ ዴን» (ክቡ እየዘፈነ መሃል ያለው ቀጣዩን የሚመርጥበት ጨዋታ) ላይ «ዎንትስ» የሚለው ግስ በአንድ ዙር ደጋግሞ ይመጣል፦ ገበሬው ሚስት፣ ሚስት ልጅ፣ ልጅ ሞግዚት፣ ሞግዚት ውሻ፣ ውሻ አጥንት ይፈልጋሉ። ልጆች የሚረሱትን የ«ኤስ» ድምፅ እንዲህ የሚያስይዝ መልመጃ አላውቅም። ማብቂያው ላይ ግን አጥንት የሆነውን ልጅ ሁሉም መታ መታ ያደርጉታል፤ ነገሩ ወዲያው ድብደባ ይሆናል። ትከሻ ብቻ፣ በአንድ ጣት፣ ብለሽ አስቀድመሽ ወስኚ።

ጨዋታን «ማሟሟቂያ» ብለው 10 ደቂቃ የሚወረውሩልሽን አስተባባሪዎች አትስሚ። 25 ደቂቃ ጠይቂ፦ 5ቱ አባባሉን ለማስጠናት፣ 15ቱ ለጨዋታው፣ 5ቱ ልጅ እንዲመራ። ሕጉን በቃል አታብራሪ፤ ሦስት ልጆች አስነስተሽ አሳይ። በአማርኛ የሚነገረው የደህንነት ሕግ ብቻ ነው። ማን ይጀምር የሚለው ጭቅጭቅ ደግሞ ጨዋታውን ይበላዋል፤ ሁለቱንም ጡጫ ዘርግተው «ዋን ፖቴቶ፣ ቱ ፖቴቶ» ብለው ይቁጠሩ።

ተጨማሪ ከፈለግሽ የአየርላንድ ትምህርት ቤቶች ስብስብ ውስጥ ግቢ። እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1939 ወደ 5,000 በሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ልጆች ከወላጆችና ከጎረቤት ሽማግሌዎች እየጠየቁ የጻፉት ነው፤ ጨዋታውም አለበት፤ «ዱካስ» በሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ይነበባል።

ዝናብ ከያዘሽ አዳራሽ ውስጥ «ኩዊኒ፣ ኩዊኒ፣ ሁዝ ጎት ዘ ቦል?» አጫውቺ። ንግሥቲቱ ጀርባዋን ሰጥታ ኳሱን ወደ ኋላ ትወረውራለች፤ ያነሳው ከጀርባው ይደብቃል፤ ሁሉም እጃቸውን ወደ ኋላ ያደርጋሉ። ዝም ብላ እንዳትገምት፣ ስም ከመጥራቷ በፊት ሁለት ጥያቄ ትጠይቅ፦ «ኢዝ ሺ ቶል?»፣ «ኢዝ ሺ ዌሪንግ ሬድ?» ዓይነት። ለአራት ቡድን አራት ኳስ ይበቃሻል፤ የካልሲ ኳስ ይሻላል፣ አይነጥርም፣ መስኮትም አይሰብርም።