እናትሽን ይዘሽ ፒችትሪ ልትሮጪ ከሆነ

እህቴ፣ «እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች፣ 60 አልፏታል፣ ግፊት አለባት፣ ግን በየቀኑ በእግሯ ትሄዳለች። ጁላይ 4 የአትላንታውን የፒችትሪ ጎዳና ሩጫ አብረን ብንሮጥ ትችለዋለች ወይ?» ላልሽው፦ ትችለዋለች። ከላይ በኮሜንት «እናትሽን አታሰቃዪ» ያሉሽን ተያቸው። እኔ እማዬን ይዤ ሮጬዋለሁ። እሺ፣ ግማሹን ተራምደናል። ስለ ምዝገባው አልነግርሽም፣ ድረ ገጹ ላይ አለ። እዚያ የማታገኚውን ልንገርሽ።

1. ዌቭ። ሯጩ በፊደል ተከፋፍሎ ነው የሚነሳው። አንቺ ካለፈ ውድድር ያስመዘገብሽው ሰዓት ካለሽ ፊት ትመደቢያለሽ፤ እሷ ሰዓት ስለሌላት ኋላ ትሆናለች። ከኋላ ወደ ፊት መሄድ አይፈቀድም፣ ከፊት ወደ ኋላ መውረድ ግን ይቻላል። ስለዚህ የምትወርጂው አንቺ ነሽ። ሰዓቴ ይበላሽብኛል ካልሽ እሷን ቤት ተያትና ለብቻሽ ሩጪ። ኋላ መነሳት ግን ዋጋ አለው። የመጀመሪያዎቹ በአበሻ 1 ሰዓት ገደማ ሲለቀቁ የመጨረሻዎቹ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተው ነው፤ ያኔ ፀሐዩ ስራውን ጀምሯል።

2. ወበቅ። እናትሽ «እኔ የእንጦጦ ዳገት የለመድኩ!» ትልሻለች። እውነቷን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አትላንታ 300 ገደማ። ትንፋሽ አያጥራትም። ወበቁን ግን ጋምቤላ ወይም አሰብ ኖራ ካልሆነ አታውቀውም። ላቡ አይደርቅም፣ ላብ ካልደረቀ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም። በዚያ ላይ ጁላይ 4 ማለት ሰኔ 27 ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ነው የሚፈታው። «የሰኔ ጾም የቄስ ጾም ነው» የምትል እናት ካለችሽ ተገላገልሽ። የኔዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማትቀምስ ናት። ንስሐ አባቷ ጋ አዲስ አበባ ደውለን፣ ለዚያች ቀን ብቻ ውሃ ተፈቀደላት። ይህን ለዋዜማው እንዳታቆዪው።

3. ግፊት። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። እማዬ ከምትወስዳቸው ኪኒኖች አንዱ ሽንት የሚያሸና ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት በሙቀት ሰውነትን ያደርቃል፣ ጾም ሲደመርበት አስቢው። ሐኪም ይያት ብዬ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችንም። «ኢንሹራንስ?» የለንም፣ በካሽ እንከፍላለን አልኩ። ዋጋ ነገረችኝ። ከዚያ የእማዬን ፓስፖርት አየች፣ የኔን መንጃ ፈቃድ አየች። «የመጨረሻ ስማችሁ አንድ አይደለም፤ ልጇ ለመሆንሽ ምን ማስረጃ አለሽ?» እኛ አገር እሷ በአባቷ፣ እኔ በአባቴ እንደምንጠራ ባስረዳት ባስረዳት ወይ ፍንክች። ውጪ ጠብቂ ተባልኩ። እማዬን ብቻዋን አስገብተው በስልክ አስተርጓሚ አገናኟት፤ የሶማልኛ! ጨዋ ናትና «እሺ፣ እሺ» ስትል ቆይታ ወጣች። ስለ ሩጫው አንድም ቃል የለም። በኋላ በፖስታ የመጣው ቢል ከተነገረኝ ዋጋ እጥፍ ሆኖ ቁጭ አለ። ደውዬ ስጨቃጨቅ ክረምቱ አለቀ።

መድኃኒቱን ያዘዘላት የአዲስ አበባ ሐኪምስ? በቴሌግራም ጻፍንለት፣ በዚያው ማታ መለሰልን፣ በነጻ። ኪኒኑን በስንት ሰዓት እንደምትውጥ፣ ምን ሲሰማት ሩጫውን እንደምታቆም ሁሉ ጻፈ። መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። የግድ እዚህ መታየት ካለባት የካሽ ዋጋውን በጽሑፍ ተቀበዪ፣ አስተርጓሚውንም ስትደውዪ «አማርኛ» ብለሽ አስመዝግቢ። «ኢትዮጵያዊ» ብለሽ እንዳትተዪው።

4. መንገዱ። 10 ኪሎ ሜትር ነው። ከሌኖክስ የገበያ አዳራሽ ትነሳላችሁ፣ ፒድሞንት ፓርክ አጠገብ ያልቃል። በመኪና እንዳትሞክሩት፣ መንገዱ ዝግ ነው። እኛ ከኢንዲያን ክሪክ ጣቢያ በከተማው ባቡር (ማርታ ይሉታል) ፋይቭ ፖይንትስ ወርደን፣ በጎልድ መስመር ሌኖክስ ደረስን። የመጀመሪያው ግማሽ በአብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ ያታልላል። እማዬ ተለቀቀች! ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣቶቹን ስታልፍ ማየት ነበረብሽ። ሮጬ እጇን ይዤ ነው ያቆምኳት። ምክንያቱም ከ3ኛው ማይል በኋላ ካርዲያክ ሂል («የልብ ዳገት») ይመጣል፤ ወደ ሆስፒታል የሚያወጣ ዳገት ነው።

ከዳገቱ በፊት ግን ሌላ ጉድ አለ። የቅዱስ ፊልጶስ ካቴድራል ቄስ መንገድ ዳር ቆመው ሯጩን ጠበል ይረጫሉ። የኤጲስቆጳል ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የእኛ አይደለም። እማዬ አየችና መሀል መንገድ ላይ ቀጥ! ከኋላ የሚመጣው እየተላተመብን ኮፍያዋን አውልቃ፣ ጎንበስ ብላ ተረጨች። «የእኛ አይደሉም እኮ» ስላት «ውሃው ምን አደረገ?» አለችኝ። ዳገቱ ጫፍ አካባቢ ደግሞ ሼፐርድ ሴንተር የሚባለው የማገገሚያ ሆስፒታል ታካሚዎች በተሽከርካሪ ወንበር ወጥተው ያበረታታሉ። እዚያ አላለፈችም። እየዞረች እግዜር ይማርሽ፣ እግዜር ይማርህ፤ ፈረንጆቹም በአማርኛ ተመርቀው ሳቁ። ሰዓት እንዳትቆጥሪ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

መጨረሻው 10ኛ ጎዳና ላይ ነው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ሰንበሬ ተፈሪ እየመራች፣ መስመሩ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት የፖሊስ ሞተር ተከትላ ከመንገዱ ወጥታ 3ኛ የሆነችው፣ ፎትየን ተስፋይ ያሸነፈችው እዚያው ነው። ለእማዬ ሞተሩ የታጠፈበትን ቦታ ሳሳያት ለሰንበሬ አልቅሳ ልትሞት ነበር። በ1970 (እ.ኤ.አ.) በመቶ አስር ሰው የተጀመረ ሩጫ ዛሬ በአስር ሺዎች ነው የሚሮጠው። እናትሽ የአሜሪካ ሲም ከሌላት አጠገብሽ ትሁን። «መጨረሻው ላይ እጠብቃችኋለሁ» የሚል ዘመድ አትመኚ፤ የኛው ተኝቶ ነው ያረፈደው።

ቲሸርቱ የሚሰጠው ለጨረሰ ብቻ ነው። ሲሰጧት አነሰኝ ብላ ልታስቀይር ተከራክራለች፣ አልተሳካላትም። ለመመለስ ሚድታውን ጣቢያ ቅርብ ነው። ኪኒን ጠቅሰሽ በውስጥ መስመር እንዳትጠይቂኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ስለ ጫማና ስለ ባቡር ግን ጻፊልኝ።