እርሳስ ከመለጠፍህ በፊት ባትሪውን ግፋው

የዚህ ወር ጥያቄዎች ሦስቱም በሪሞት ስለሚበሩ ሞዴል አውሮፕላኖች ናቸው። እኛ አካባቢ ይሄን ያህል አብራሪ መኖሩን አላውቅም ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ነህ? አጎቴ ከዱባይ የላከልኝ የሙስታንግ ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል አለኝ። ፎም ነው፣ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 1 ሜትር ከ20፣ ከነባትሪው 1 ኪሎ። መጀመሪያ ቀን ገና ሲነሳ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተገለበጠ። ጓደኞቼ «ጭራው ከብዶታል፣ አፍንጫው ላይ ክብደት ጨምርበት» አሉኝ፤ 80 ግራም እርሳስ ለጠፍኩበት። አሁን ይነሳል። ግን ሊያርፍ ሲል ድንገት አንድ ክንፉን ይጥልና ይከሰከሳል። ሁለት ፕሮፔለር ጨርሻለሁ። የማበረው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ነው። ምን ላድርግ?
የሳቢያኑ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ አቦ፣ ጓደኞችህ በሽታውን አውቀውታል፣ መድኃኒቱን ነው ያበዙት። አፍንጫ ሰቅሎ መገልበጥ ጭራው የከበደ አውሮፕላን ምልክት ነው፣ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን 80 ግራም ከየት መጣ? ለክተህ ነው ወይስ እጅህ ላይ የተገኘው እሱ ሆኖ? ደብዳቤህ ውስጥ ስለ መለካት አንድም ቃል የለም።

ስለዚህ እርሳሱን በሙሉ አንሳው። ከአውሮፕላኑ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ የክብደት ማዕከሉ፣ አብራሪዎች ሲጂ የሚሉት፣ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ስንት ሚሊሜትር ወደ ኋላ እንደሆነ ተጽፏል። ወረቀቱ ከጠፋ የክንፉን አማካይ ስፋት ለካና ከፊት ጠርዙ 25 ከመቶው ላይ ጀምር። ከ33 ከመቶ ወደ ኋላ እንዳታልፍ። ምልክቱን በግራም በቀኝም ክንፍ አድርግ፣ በላይኛው ፊት በኩል። ከዚያ አውሮፕላኑን ገልብጠው፣ ምልክቶቹን በሁለት እርሳስ ደግፋቸው። የመጻፊያውን እርሳስ ነው የምልህ፣ ላጲስ ባለው ጫፍ። የምትገለብጠው የሙስታንግ ክንፍ ከታች፣ አብዛኛው ክብደት ደግሞ ከላይ ስለሆነ ነው። ቀጥ አድርገህ ብትደግፈው ይንገዳገዳል እንጂ እውነቱን አይነግርህም። ባትሪው ቦታው ላይ ይሁን። እግሩ የሚታጠፍ ከሆነ ታጥፎ ይለካ።

አሁን ጭራው ወረደ እንበል። እርሳሶቹን ትንሽ በትንሽ ወደ ኋላ ወስደህ የት ላይ እንደሚረጋ እይ። ከምልክቱ 15 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ተረጋ እንበል። ሂሳቡ የሱቅ ሂሳብ ነው። 1000 ግራም በ15 ሚሊሜትር ሲባዛ 15 ሺህ ይመጣል። አፍንጫው ከምልክቱ 20 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ከሆነ ይሄን 15 ሺህ ለ200 ታካፍላለህ፤ 75 ግራም እርሳስ። እሺ፣ ግምትህ በአጋጣሚ ቀረብ ያለ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን 200 ግራም ባትሪህን 7 ሴንቲሜትር ተኩል ወደ ፊት ብትገፋው ያው 15 ሺህ ነው የሚመጣው። አንድ ግራም ሳትጨምር። ግመል ሲጫን ጭነቱ ወደ ኋላ ከሸሸ ወደ ፊት ይሳባል እንጂ አንገቱ ላይ ሌላ ጆንያ አይታሰርለትም።

ባትሪው ወደ ፊት አልገባ ካለህ ፎሙን በካተር ቀስ እያልክ ከፍተህ ቦታ አብጅለት። ሞተሩ የታሰረበትን እንጨት ግን እንዳትነካ። አየር የሚገባበትንም እንዳትዘጋ፤ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢኤስሲ በድሬ ሙቀት አየር ካላገኘ ይቃጠላል። አየሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ከሚገባበት ሰፋ ይበል። ባትሪውን በቀበቶ ጥብቅ አድርገህ እሰረው። እኔ አንድ ጊዜ ለአንዲት በረራ ብዬ ሳላስር ለቀቅኩት፣ ሽቅብ ሲወጣ ባትሪው ወደ ጭራ ተንሸራተተ፣ የቀረውን አትጠይቀኝ። ይሄ ሁሉ ሆኖ አሁንም ከጎደለ ያኔ ጎሚስታ ሂድ። ለጎማ ባላንስ የሚለጥፏቸው የ5 እና የ10 ግራም ክብደቶች አሉ፣ ጀርባቸው ማጣበቂያ አለው። እንደነሱ የሚመች የለም።

ስለ 75 ግራም ይሄን ያህል የምነዘንዝህ ድሬ ስለሆንክ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ወደ 1200 ሜትር ከፍ ትላለች። በዚያ ላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ። 35 ዲግሪ በሆነበት ቀን አየራችን የባሕር ዳርቻ አየር ከሚባለው መደበኛው በ19 ከመቶ ገደማ ይሳሳል። ክንፍ በሳሳ አየር ላይ ያንኑ ክብደት ለመሸከም መፍጠን አለበት። እዚያ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ላይ መብረር የሚያቆም ሞዴል እዚህ 39 ላይ ያቆማል። 80 ግራምህ ሲደመር 40 አለፈ። አንተ ግን በዩቲዩብ ያየኸውን ሰው ፍጥነት ይዘህ ልታርፍ ትመጣለህ፣ ዝግ ሲልብህ የሪሞቱን ዱላ ትስባለህ፣ ክንፉ ይወድቃል። በሽታህ ይሄ ይመስለኛል።

አንዱ ክንፍ ብቻ ለምን ይወድቃል ካልክ፣ የተዋጊ አውሮፕላን ክንፍ ወደ ጫፉ ይጠባል። ሲዘገይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚከዳው ያው ጫፉ ነው፣ ከሁለቱም የደከመው። ለዚህ ሁለቱንም ኤለሮኖች፣ ክንፎቹ የኋላ ጠርዝ ላይ ያሉትን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ 2 ሚሊሜትር ያህል ወደ ላይ አንሳቸው፣ ጫፎቹ ቆየት ብለው ነው የሚከዱት። የኤሌቬተሩን፣ አፍንጫውን ሽቅብ ቁልቁል የሚያደርገውን የጭራ ክፍል፣ እንቅስቃሴ ከሪሞቱ ቀንስ። ስታርፍ ሞተሩን አታጥፋ፣ ትንሽ ጉልበት እንደሰጠህ አምጣውና መሬት ሲቃረብ ብቻ ልቀቀው። ይሄን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ስታስተካክል ፕሮፔለሩን ፍታው። ጣት አይበቅልም።

የግራና የቀኙንም ሚዛን እይ። ከፕሮፔለሩ ዘንግና ከጭራው በክር አንጠልጥለው። የሚወርደው ክንፍ ከባዱ ነው፤ በቀለለው ክንፍ ጫፍ ላይ ሳንቲም በስኮች ለጥፍ። ፕሮፔለሩም ራሱ ሚዛን አለው። መሃሉ ላይ ቀጭን ዘንግ አስገባና አንዱ ምላስ ሁልጊዜ ወደ ታች ከዞረ ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው። ሞተሩ መንቀጥቀጡን ይተዋል።

የመጨረሻውን የሚነግርህ አየሩ ነው። ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ካስተካከልከው በኋላ ከፍ በል፣ ጉልበቱን ቀንስ፣ 45 ዲግሪ ያህል አዘቅዝቀውና ዱላውን ልቀቀው። ወዲያው ሽቅብ ከተመለሰ አፍንጫው ከብዷል። ይባስ ብሎ ቁልቁል ከቆፈረ ጭራው ነው የከበደው፣ ሳትውል ሳታድር ሳበው። በያዘው መስመር ሄዶ በቀስታ ቀና ካለ አግኝተኸዋል። እንዳታፍር ደግሞ፣ እውነተኛው ሙስታንግም ይሄው ጣጣ ነበረበት። ሩቅ እንዲሄድ ተብሎ ከአብራሪው ጀርባ 320 ሊትር ገደማ የሚይዝ የነዳጅ ጋን ተገጠመለት። ጋኑ ሲሞላ ክብደቱ ወደ ኋላ ሸሸ፣ አውሮፕላኑም ለመቆጣጠር አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ አብራሪዎቹ አብዛኛውን የዚያን ጋን ነዳጅ ገና በመንገድ ላይ ያቃጥሉት ነበር፣ ውጊያ ውስጥ ሞልቶ እንዳይገኝባቸው።

ደቻቱን ግን ተው። ሰው የሚመላለስበት፣ ልጅ የሚጫወትበት ነው። 1 ኪሎ ነገር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲመጣ መጫወቻ አይደለም። ኤርፖርታችንም ከከተማው ጥግ ነው፣ ወደዚያ አካባቢ ጨርሶ እንዳትሄድ። ቦታውን ከከተማ ውጭ ፈልግ፣ ፈቃዱንም ቀድመህ ጠይቅ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ተኩል ይሁን፣ አየሩም ወፈር ይላል፣ ነፋሱም ገና አልተነሳም።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ድሬዳዋ አክስቱ ጋ ሲሄድ ደህና የሚበርለት አውሮፕላን ሐረር ላይ አልነሳ ብሎታል። ሐረር ከፍታ ስለሆነ ነው አሉኝ። ባትሪውም ትንሽ አብጧል።
እናቱ፣ ከጀጎል

መልስ፦ እትዬ፣ ከከፍታው በፊት ባትሪው። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ሁለተኛ ቻርጅ አይደረግም፣ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ዛሬውኑ ከቤት ያውጡትና አሸዋ ያለበት የብረት ጣሳ ውስጥ ያስቀምጡት። ያልነሳውም መቼም በዚሁ ይመስለኛል፣ ያበጠ ባትሪ ጉልበት የለውም።

ሐረር ወደ 1900 ሜትር ስለሆነ አየሩ ከድሬ ይሳሳል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ድሬም በሙቀቷ ስለምታሳሳው ልዩነቱ እንደሚወራው አይደለም። ሐረር 20 ዲግሪ፣ ድሬ 35 ሲሆን 3 ከመቶ ገደማ ቢሆን ነው። በዚያ ብቻ ከመሬት አልነሳም አይልም።

አዲሱን ባትሪ ሲገዙለት ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ እንዳይተኛ ይንገሩት። ቻርጅ የሚደረገው ሰው እያየው፣ ሸክላ ድስት ውስጥ ቢሆን ደግሞ የተሻለ። በማይበርበት ሳምንት ሞልቶ አይቀመጥ፣ እያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት ላይ ይደር። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ማስቀመጥማ አይታሰብም።

ጥያቄ፦ የገዛሁትን የጦር አውሮፕላን ሞዴል የኛ አየር ኃይል አስመስዬ ልቀባው ነው። ቀለሙ በረራውን ይጎዳዋል?
ቀለም ወዳዱ፣ ከከዚራ

መልስ፦ ክንፉ ላይ ብዙም። ጭራው ላይ ግን አዎ። ጭራው ከክብደት ማዕከሉ 60 ሴንቲሜትር ርቆ አፍንጫው 20 ብቻ ከሆነ፣ ጭራ ላይ የቀባኸው 10 ግራም አፍንጫ ላይ 30 ግራም ያስጨምርሃል። በድምሩ 40 ግራም፣ ለአንድ ቆርቆሮ ስፕሬይ። ስለዚህ ጭራውን በቀጭን ስቲከር ሥራው። የሚረጨውንም ቀለም መጀመሪያ ቁራጭ ፎም ላይ ሞክር፣ አንዳንዱ ፎም ይበላል።

ገና የምትገዛ ከሆነና ዕድሜ ጠገቡን ከወደድክ ፋየርፍላይ ፈልግ። በኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ አየር ኃይላችን ያበረው የእንግሊዝ ሥሪት ነው። ከመቀባትህ በፊትና በኋላ ግን ወርቅ ቤት ወስደህ አስመዝነው። ይስቁብሃል፣ ሚዛናቸው ግን ግራም አይስትም።