መልስ፦ ዜብራ ተቀብቶም መኪና ካልቆመስ?

«ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዜብራ ተቀባልን፣ መኪና ግን አይቆምም፤ አሁን ምን እንጠይቅ?» ላላችሁት፦ ሌላ ቀለም አትጠይቁ። ፍጥነት የሚቀንስ ግንባታ ጠይቁ። ቀለም ብቻውን ነጂውን ፍሬን አያስይዘውም።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እስኪያቆመው ድረስ በደረቅ አስፋልት ላይ 28 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ30 ከሆነ ግን 13 ሜትር አካባቢ ይበቃዋል። ልጅ ድንገት ሲገባ የሚያተርፈው ይሄ ልዩነት ነው።

ማመልከቻችሁ ላይ እነዚህን አስገቡ፦

1. ዜብራው ከእግረኛ መንገዱ እኩል ከፍ ይበል። የውሃ መውረጃም ይኑረው፤ ውሃ ከተኛበት ሰው ዞሮ በሌላ በኩል ይሻገራል።

2. በአንድ አቅጣጫ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚሄድበት መንገድ ከሆነ፣ መሃል ላይ የእግረኛ መቆሚያ ደሴት ይሠራ። መኪና የሚቆምበት መስመርም ከዜብራው ራቅ ይበል። አንዱ ቆሞ ሲያሳልፍ በጎኑ የሚመጣው እግረኛውን አያየውም። ይሄ እጅግ አደገኛ ግጭት ነው።

ካየሁት አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ደሴቱ መንገዱን ሲያጠበው ብስክሌት ነጂው ከመኪና ጋር ይጋፋል። ለብስክሌት ማለፊያ መተዉን ገና ንድፉ ላይ አረጋግጡ። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ የሚያፈርስላችሁ አታገኙም።