ለባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር የትኛው ሳጥን?

ጥያቄ፦ ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ገዝቻለሁ። ዝግ ሳጥን ላሠራለት ወይስ ፖርት (የአየር መውጫ ቱቦ) ያለው? ጓደኞቼ ፖርት ያለው ይበልጣል ይሉኛል።

መልስ፦ በጩኸት ከሆነ እውነታቸውን ነው። ፖርቱ ከኮኑ (ከሚርገበገበው የስፒከሩ ፊት) ጀርባ የሚወጣውን ድምፅ ስለሚጠቀምበት በዚያው ዋት ጎልቶ ይሰማል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን ሰብዉፈሩ ራሱ ነው። አብሮት በመጣው ወረቀት ላይ ኤፍኤስን (Fs፣ ሰብዉፈሩ በራሱ የሚርገበገብበትን ድግግሞሽ) ለኪውኢኤስ (Qes፣ ንዝረቱ በኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚገታ ለሚያሳየው ቁጥር) ያካፍሉ። ከ50 በታች ከመጣ ዝግ ይሥሩለት፤ 100 ገደማና ከዚያ በላይ ከሆነ ፖርት። ለምሳሌ 28 ለ0.45 ሲካፈል 62 ነው፤ እንዲህ ያለው ለሁለቱም ይሆናል።

ያን ጊዜ ቦታና አምፕሊፋየር ይወስናሉ። ባለ 12 ኢንች በዝግ ሳጥን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 35 ሊትር ይበቃዋል፤ በፖርት ከ45 እስከ 65 ይፈልጋል። በዝግ ሳጥን የታመቀው አየር ኮኑን እንደ ስፕሪንግ ይይዘዋል። ፖርት ባለው ግን ከተቃኘበት ድግግሞሽ (ፖርቱ ይበልጥ ከሚያጎላው ድምፅ) በታች ኮኑን የሚይዘው ነገር የለም፤ ያለ ልክ ይወረወርና ኮይሉ (ኮኑን የሚገፋው የሽቦ ጥቅል) ይጎዳል። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ሰብሶኒክ ፊልተር (እጅግ ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ) ከሌለው ፖርቱን ይተዉት። ደግሞም ሰብዉፈሩ ለመኪና ከሆነ፣ የተዘጋ መኪና ወፍራሙን ድምፅ በራሱ ስለሚያጎላ፣ ዝግ ሳጥን ቤት ውስጥ የሚያጣውን ያህል መኪና ውስጥ አያጣም።

ጥያቄ፦ ፋብሪካው 45 ሊትር ስላለ ከ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ 40 በ40 በ30 ሴንቲ ሜትር አሠራሁ። ፖርቱ ስፋቱ 10፣ ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ኖታ ላይ ብቻ ይጮኻል፣ ወፍራሙ ድምፅ የለም።

መልስ፦ የለኩት ከውጭ ነው። 48 ሊትር የመሰለዎት ሳጥን ውስጡ 36.4 በ36.4 በ26.4፣ ማለትም 35 ሊትር ነው። ሰብዉፈሩ 3 ሊትር ያህል፣ ፖርቱ ከ2 ሊትር በላይ ይወስዳሉ፤ የቀረው 30 ነው። በ45 ሊትር 40 ኸርዝ ላይ ይቃኝ የነበረው ያው ፖርት በ30 ሊትር ወደ 49 ኸርዝ ወጣ። ጩኸቱ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ከሥሩ ያለው በፍጥነት ይወድቃል። ፖርቱን ላስረዝም ቢሉ 42 ሴንቲ ሜትር ግድም ይሆናል፤ አይገባም። የፖርቱ ጫፍ ከግድግዳው ቢያንስ የስፋቱን ያህል መራቅ አለበትና።

ከ45 በ40 በ37 አዲስ ሳጥን ያሠሩ፤ ውስጡ 50 ሊትር ስለሚሆን ሲቀናነስ 45 ይተርፋል። ሰብሶኒክ ፊልተሩን ከ40 ኸርዝ ትንሽ ዝቅ፣ 35 ገደማ ላይ ያድርጉት። ወጪው ካልተመቸ ቱቦውን ነቅለው ቀዳዳውን በዚያው ኤምዲኤፍ ይድፈኑት፤ 32 ሊትር ገደማ ዝግ ሳጥን ይሆናል፣ ያውም ደህና። የሰብዉፈሩን ቁጥር ግን አስቀድመው ያካፍሉ፤ 100 ካለፈ ይህ መላ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ዝግ ሳጥኔ ድምፅ ሲጨምር ፊሽ ይላል።

መልስ፦ አየር ያስወጣል። ኮኑን በሁለት መዳፍ በቀስታ ገፍተው ይልቀቁት፤ ወዲያው ከተመለሰ ሳጥኑ አልታሸገም። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው በሰብዉፈሩ ጠርዝና በሽቦ ማስገቢያው ላይ ነው፤ ለመጀመሪያው ጋስኬት፣ ለሁለተኛው ሲሊኮን ይበቃል። ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ሰብዉፈሩን አይመልሱ፣ ትነቱ የኮኑን ስፖንጅ ጠርዝ ይበላል፤ አንድ ቀን ክፍት ያሳድሩት።